እንደ ወንዙ ይሻገሩ
ወደ ሌላ ክልል ለሚዛወር ሰው ስለ ዓሣ ማጥመድ ፈቃድ የተሰጠ ማብራሪያ

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የዝውውር ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ የሚያሰናዳው ነገር ብዙ ነው። በእጁ ያለውን የመሥሪያ ቤት ንብረት ያስረክባል፤ ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚያስረዳውን ወረቀት ከክፍል ወደ ክፍል እያዞረ ያስፈርማል፤ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ ያወጣል፤ ከቀበሌው መሸኛውን ይቀበላል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ዕቃው በመኪና ላይ ሲጫን ከአልጋውና ከምጣዱ አጠገብ አንድ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክርና መንጠቆ የተጠመጠመበት፣ ተጋድሞ ይታያል። ስለ አልጋውም ሆነ ስለ ምጣዱ ወረቀት የሚጠይቅ እንደሌለ ሁሉ ስለዚህ ዘንግ የሚጠይቅም የለም። ባለቤቱም ቢሆን ትናንት ባጠመደበት ሁኔታ ነገም በአዲሱ አገር የሚያጠምድ ይመስለዋል። የዛሬው ንግግራችን ይህ አሳብ ትክክል ያልሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳ ይሆናል።

ምናልባት ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይዎ ይሆናል። በአገራችን በዕረፍት ቀኑ ለመዝናናት ብሎ በወንዝ ዳር መንጠቆ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ ከተሞቻችን እየሰፉ፣ መንገዱም እየቀለለ በሄደ መጠን ከሳምንት እስከ ሳምንት በወረቀት መካከል የሚውለው ሠራተኛ እሑድን በውኃ ዳር ለማሳለፍ መሻቱ አይቀርም፤ የሚያስመሰግንም መዝናኛ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉ እንደ ተረቱት፣ ሕጉን ሳያውቅ ውኃ የሚጎረጉር ሰው ያልጠበቀውን ነገር ሊያወጣ ይችላል። ዘንዶው የሚወጣው ከውኃው ብቻ ሳይሆን ከመዝገብም ነው።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቦታ መርጠን በዚያ ላይ እንመልከተው። በሰሜን ሸዋ ዞን የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አረርቲን እንውሰድ። አረርቲ ስሟ የሚነሣው በጤፏና በሽምብራዋ ነው እንጂ በዓሣ አይደለም። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ከእርስዋ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ምንጃር ሸንኮራ በአማራ ክልል ደቡባዊ ጫፍ የሚገኝ ሆኖ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ የኦሮሚያ ክልል ይከበዋል። በሰሜን በኩል ከሰም ወንዝ ይወርዳል፤ ይህም ወንዝ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ወደ ቆላው እየወረደ በመጨረሻ ከአዋሽ ጋራ የሚገናኝ ነው።

አሁን በአረርቲ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው እሑድ ጧት ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ያስቡ። ወደ ሰሜን ወርዶ በከሰም ዳር ቢቀመጥ ገና በራሱ ክልል ውስጥ ነው። ያንኑ ወንዝ ተከትሎ ወደ ታች ወርዶ እስከ ከሰም ግድብ ቢደርስ ግን የቆመው በአፋር ክልል ነው። በመኪና ተሳፍሮ ወደ ሞጆ ቢወጣና ከዚያ ወደ ቆቃ ሐይቅ ቢወርድ በኦሮሚያ ክልል ነው። እነዚህ ሁሉ ውኆች የአዋሽ ተፋሰስ ናቸው፤ ዓሣውም አንዱ ከሌላው ጋራ የሚዛመድ ነው። ሰውዬውም ያው ሰው ነው፤ ዘንጉም ያው ዘንግ ነው። የሚለወጠው ሕጉን የሚያስፈጽመው አካል ብቻ ነው። ስለሆነም የአረርቲው ሠራተኛ የክልል ለውጥን ነገር ለማወቅ የዝውውር ደብዳቤ እስኪደርሰው መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ጧት ከቤቱ ወጥቶ ለምሳ ሳይመለስ ሦስት ክልሎችን ሊረግጥ ይችላልና።

በቀድሞው ዘመን ምንጃርም፣ ሞጆም፣ ቢሾፍቱም በአንድ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። በዚያ ጊዜ ያደጉ ሽማግሌዎች «እኛ ልጆች ሳለን ማን ፈቃድ ጠየቀን?» ቢሉ እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን አስተዳደሩ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 መሬትንና ሌሎች የተፈጥሮ ሀብቶችን አጠቃቀም የሚመለከተውን ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 52 ደግሞ በዚያ ሕግ መሠረት ሀብቱን የማስተዳደር ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ዓሣም የተፈጥሮ ሀብት ስለሆነ በዚህ ሥር ይወድቃል።

በዚህ መሠረት የፌዴራሉ መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን አወጣ። ይህ አዋጅ ለመላው አገሪቱ መሠረት የሚሆን ነው። የአማራ ክልል በበኩሉ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 92ን አውጥቶ የክልሉን የዓሣ ሀብት የሚመለከተውን ዝርዝር ደነገገ። ሌሎችም ክልሎች ዓሣ ያለበት ውኃ በያሉበት የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ነገሩን በቤት ብንመስለው የፌዴራሉ አዋጅ ምሰሶና ወራጅ ሲሆን የክልሉ ሕግ ግን ግድግዳና በር ነው። ምሰሶው በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ በሩ ግን ከቤት ቤት ይለያያል፤ እንግዳም የሚገባው በበሩ ነው።

ከዚህ አንድ ዋና ቁም ነገር እናገኛለን። ይኸውም የዓሣ ማጥመድ ሕግ የሚከተለው ውኃውን እንጂ ሰውን አይደለም የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ባለመገንዘቡ ነው፤ ስሕተቱም ከመልካም ምንጭ የሚመጣ ነው። የመንጃ ፈቃድን የወሰድን እንደሆነ አንድ ሰው ከአንዱ ክልል ያወጣውን ይዞ በመላው ኢትዮጵያ ይነዳበታል። የትምህርት ማስረጃም እንዲሁ በየትኛውም ክልል ይሠራል። ስለዚህ ሰው «ፈቃድ ፈቃድ ነው» ብሎ ያስባል። ነገር ግን የመንጃ ፈቃድ የሚመሰክረው ስለ ሰውዬው ችሎታ ነው፤ ችሎታም ከሰውዬው ጋራ አብሮ ይሄዳል። የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ግን ስለ ችሎታ አይመሰክርም። በአንድ የታወቀ ውኃ ውስጥ ካለው ሀብት ጥቂት ለመውሰድ የውኃው ጠባቂ የሰጠው ፍቀድ ነው። ከአረርቲ ጎረቤትዎ ጓሮ ጎመን እንዲቆርጡ ተፈቅዶልዎ ቢሆን በሐዋሳ ጎረቤትዎ ጓሮ ገብተው መቁረጥ እንደማይችሉ የታወቀ ነው።

ስለ መሸኛም እንዲሁ ነው። መሸኛ ነዋሪነትን ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ያሻግራል፤ የብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳም ማንነትዎን በመላው አገር ያስረዳል። ሁለቱም ግን ዓሣ የማጥመድ መብትን አያሻግሩም። በአዲሱ ቦታ ነዋሪ መሆንዎን ለማስረዳት ይጠቅሙዎታል እንጂ ራሳቸው ፈቃድ አይሆኑም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ሕጉ አስቀድሞ የሚመረምረው ዓላማን መሆኑ ነው። ዓሣ የሚያሰግር ሰው ለሦስት ነገር ሊያሰግር ይችላል፤ ለመሸጥ፣ ለቤቱ ምግብ፣ ወይም ለመዝናናት። ለመሸጥ የሚያሰግር ሰው ያለ ፈቃድ ወደ ውኃ ሊገባ አይገባውም፤ በየሐይቁ ዳር ያሉት ዓሣ አስጋሪዎችም በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩት ስለዚህ ነው። ለቤት ምግብና ለመዝናናት የሚደረገው ግን ከስፍራ ስፍራ አሠራሩ ሊለያይ የሚችለው ነው። በአንዱ ዘንድ ለባለሙያው በቃል ማስታወቅ የሚበቃ ሲሆን በሌላው ዘንድ ጽሑፍ ሊጠየቅ ይችላል። በአንዱ ውኃ የተፈቀደው መሣሪያ በሌላው ውኃ የተከለከለ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ለመዝናናት ብሎ የሄደ ሰው ቀኑ ሠምሮለት ከቤተሰቡ የሚተርፍ ዓሣ ቢያወጣ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ተፈላጊነት በሚጨምርበት ጊዜ፣ «ምን ይጎዳል» ብሎ ለሆቴል ቤት ሊሸጥ ይቃጣዋል። በዚያች ደቂቃ ግን ዓላማው ተለውጧል። የሚያገኘው ብር ትንሽ ቢሆንም ከመዝናኛ ወደ ንግድ ተሻግሯልና በነጋዴ ሕግ ይጠየቃል። ስለዚህ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል ነው እንጂ ለገበያ ማውጣት አይገባም።

«ይህ ሁሉ መለያየት ለምን አስፈለገ? ለመላው አገር አንድ ፈቃድ ቢወጣ አይሻልም ነበርን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ያለው በጽሕፈት ቤት ሳይሆን በውኃው ውስጥ ነው።

ጣና ሐይቅን እንመልከት። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ሊቃውንት እነዚህን የሚያደንቋቸው ከአንድ ወገን ተወልደው በአንድ ሐይቅ ውስጥ በልዩ ልዩ አኗኗር ስለ ተከፋፈሉ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ወራት ለመራባት ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ፣ እንደ ርብና እንደ መገጭ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው አንድ ዓሣ ሲይዝ የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ጭምር ይዟል ማለት ነው። ቀድሞ በጣና የሚያሰግሩት በደንገል ታንኳ ነበር፤ በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር ከተጀመረ ወዲህ ግን የእነዚህ ዝርያዎች ቁጥር እጅግ እየቀነሰ መሄዱን ጥናቶች አረጋግጠዋል። ስለሆነም በጣና ዙሪያ በመራቢያ ወራትና በወንዝ አፍ ማስገርን መቈጣጠር ለአማራ ክልል ሕግ የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

ይህ ከንቱ ፍርሃት አለመሆኑን ከሌላው ዓለም መረዳት ይቻላል። በፊሊፒንስ አገር ላናኦ በሚባለው ሐይቅ እንዲሁ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ዝርያዎች ነበሩ። ከውጭ የመጡ ዓሦች በሐይቁ ከገቡ በኋላና ማስገሩም መጠን ካጣ በኋላ ብዙዎቹ ዝርያዎች ፈጽመው ጠፍተዋል። የጠፋ ዝርያ ደግሞ በአዋጅ አይመለስም።

አሁን ከጣና ወደ ጫሞ እንሂድ። በአርባ ምንጭ ዳር በሚገኘው በዚህ ሐይቅ ትልቁ ሀብት ናይል ፐርች የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ትልቅና ዘግይቶ የሚራባ ስለሆነ ገና ሳይራባ ከተያዘ ጉዳቱ ከባድ ነው። የሚያስደንቀው ግን እዚያም ሕዝቡ ይህን ዓሣ «ነጭ ዓሣ» ብሎ መጥራቱ ነው። እንግዲህ ከባሕር ዳር ወደ አርባ ምንጭ የተዛወረ ሰው «ስለ ነጭ ዓሣ ያለውን ደንብ ዐውቃለሁ» ቢል በስም ይስማማል፤ በነገሩ ግን ስለ ሌላ ፍጥረት ይናገራል። ስሙ አንድ ሆኖ ዓሣው ሁለት ነው፤ ዓሣው ሁለት ከሆነ የሚገባው ጥንቃቄም ሁለት ነው።

ወደ ባሌ ደጋ ብንወጣ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። እንደ ወይብና እንደ ደንካ ባሉት ቀዝቃዛ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ ይገኛል። ይህ ዓሣ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ለመዝናኛ ማጥመድ ተብሎ የተለቀቀ ነው። በጣና የምንጠብቀው ተፈጥሮ በዚያ ያኖረችውን ሲሆን፣ በባሌ ያለው ግን ሰው ራሱ ያኖረው ነው። በአምባዛና በቆሮሶ የሞላው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅም የራሱ ጠባይ አለው። ስለዚህ ለእነዚህ ሁሉ አንድ የመረብ ዓይን፣ አንድ የዕረፍት ወቅት፣ አንድ ልክ መወሰን ለደጋና ለቆላ አንድ የዘር ወቅት እንደ መወሰን ያህል ነው። የምንጃር ገበሬ ጤፉን በወቅቱ ይዘራል፤ የሌላው አገር ገበሬ ደግሞ በራሱ ወቅት ይዘራል፤ ማንም ይህን እንደ አድልዎ አይቈጥረውም።

ይሁን እንጂ በሁሉም ስፍራ አንድ የሆኑ ክልከላዎች ስላሉ እነርሱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ዓሣን በመርዝ ወይም በፈንጂ መያዝ በፌዴራሉ አዋጅ የተከለከለ ነው። በብዙ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ በብርብራ ፍሬ ዓሣን የማደንዘዝ ልማድ አለ፤ ይህ ልማድ ትልቁንና ትንሹን፣ የሚበላውንና የማይበላውን ሳይለይ የሚጨርስ ስለሆነ «የአባቶች ልማድ ነው» ተብሎ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ሕያው ዓሣንም ያለ ፈቃድ ከአንዱ ውኃ ወስዶ ወደ ሌላው መልቀቅ አይገባም። የተዛወረ ሰው የለመደው ዓሣ በአዲሱ አገር ባያገኝ ናፍቆቱ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን በባልዲ አምጥቶ ቢለቅ የላናኦን ጥፋት በራሱ እጅ ሊጀምር ይችላል።

ሌላም በዘመናችን የታየ ነገር አለ። እስካሁን የተናገርነው ሰው ከክልል ወደ ክልል ስለሚሄድበት ጉዳይ ነበር፤ ሰው ሳይንቀሳቀስ ክልሉ የሚለወጥበት ጊዜም አለ። የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተከፋፍሎ ሲዳማ በ2012 ዓ.ም.፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም.፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የየራሳቸው ክልል ሆነዋል። በዚህም የተነሣ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ለሃያ ዓመት የኖረ ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሳይነቃነቅ በአዲስ ክልል ውስጥ ተገኝቷል፤ በአርባ ምንጭ የሚኖረውም እንዲሁ። ሐይቁ ባለበት ነው፤ ማኅተሙ ግን ተለውጧል። ስለዚህ አሮጌ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው ወረቀቱ በአዲሱ መሥሪያ ቤት የሚሠራ መሆን አለመሆኑን ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል።

በሁለት ክልሎች ወሰን ላይ ያለ ውኃ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። የሐዋሳ ሐይቅ አንዱ ዳር በሲዳማ፣ ሌላው ዳር በኦሮሚያ ነው። አባያም እንዲሁ ከአንድ ክልል በላይ ያዋስናል። ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት የተሰጠ ነው። ለእኛ ለመዝናናት ለምንሄደው ግን ቀላሉ መመሪያ ይህ ነው፤ እግርዎ የቆመበትን ዳር የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ በታንኳ ከዳር ወደ ዳር የሚሻገሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ይጠይቁ፤ ሁለቱ ደንቦች ቢለያዩ የጠበቀውን ይያዙ። የጠበቀውን የያዘ ሰው በላላው ዘንድ አይከሰስም።

ብሔራዊ ፓርኮችም ለብቻቸው ናቸው። የአዋሽ ወንዝ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በኩል ያልፋል፤ የጫሞና የአባያም ከፊላቸው በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነው። በፓርክ ውስጥ ዓሣውም እንደ አጋዘኑና እንደ ሳላው በዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ጥላ ሥር ስለሆነ የክልሉ ወይም የወረዳው የዓሣ ፈቃድ ብቻውን በር አያስከፍትም። የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በቀር በነዚህ ውኆች አዞና ጉማሬ ስላለ ጠባቂው «አይቻልም» ሲልዎ ለዓሣው ብቻ ሳይሆን ለእርስዎም ነፍስ ማሰቡ ነው።

ይህ ጉዳይ የአገራችን ብቻ እንዳይመስልዎ ወደ ውጭ አገር ደግሞ እንመልከት። በአሜሪካ ዓሣ ማጥመድ የሕዝብ ሁሉ መዝናኛ ሲሆን ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ግዛት ለራሱ ነው። በዚያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሥራ ፍለጋ ከግዛት ወደ ግዛት ሲዛወሩ ይህን ችግር ያገኙታል። እዚያ ፈቃዱ ለነዋሪና ለእንግዳ ተብሎ በሁለት ይከፈላል፤ የእንግዳው ዋጋ ከነዋሪው ይበልጣል። ጥያቄውም «ሰው ነዋሪ የሚባለው መቼ ነው?» የሚል ነው። መልሱ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሚኒሶታ 60 ቀን መኖር ሲበቃ፣ በካሊፎርኒያ ግን ሳያቋርጡ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከካሊፎርኒያ ወደ ሚኒሶታ የተዛወረ ሰው ሁለት ወር ቢታገሥ በነዋሪ ዋጋ ያገኛል፤ ከሚኒሶታ ወደ ካሊፎርኒያ የሄደው ግን ግማሽ ዓመት ይጠብቃል፤ ወይም የእንግዳውን ከፍሎ ያጠምዳል። ቀኑ ሳይሞላ «ነዋሪ ነኝ» ብሎ መፈረም ግን የሐሰት ቃል መስጠት ስለሆነ ከዋጋው ልዩነት የሚበልጥ ቅጣት ያስከትላል።

በዚያ አገር ጥፋትም ከሰው ጋራ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኮሎራዶ፣ ኔቫዳና ኦሬጎን የጀመሩት ስምምነት አለ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ግዛቶች ገብተውበታል። በዚህ ስምምነት መሠረት በአንዱ ግዛት ፈቃዱ የታገደበት ሰው በሌላውም ይታገዳል። እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ያለው የሌሲ ሕግ ደግሞ የአንዱን ግዛት ሕግ ጥሶ የተያዘን እንስሳ ወሰን ማሻገርን የመላው አገር ወንጀል ያደርገዋል። እነሆ ፈቃዱ ከሰውዬው ጋራ አይሻገርም፤ ጥፋቱ ግን ይሻገራል።

ከፈቃዱ የሚገኘው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድም ማወቅ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ ሕግ የአሜሪካ መንግሥት ከዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የሚሰበስበውን ቀረጥ ለግዛቶች ሲያከፋፍል ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ በየግዛቱ ፈቃድ የገዙት ሰዎች ቁጥር ነው። ስለዚህ እዚያ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከከፈለው ገንዘብ በላይ ቁጥሩ ራሱ ለውኃው ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገርም ዕድሜው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ በጨው አልባ ውኃ ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕፃኑ ገና በልጅነቱ ዓሣ ባለቤት ያለው መሆኑን ይማራል።

እንግዲህ ወደ አረርቲው ሠራተኛ እንመለስና ዝውውሩ ደርሶት ምን ማድረግ እንደሚገባው በቅደም ተከተል እንንገረው።

በመጀመሪያ ከመነሣቱ በፊት በእጁ ያለ የዓሣ ፈቃድ ቢኖር ለሰጠው መሥሪያ ቤት መልቀቁን ያስታውቅ። ሁለተኛ፣ ወደ አዲሱ ስፍራ ከደረሰ በኋላ መሸኛውን አስገብቶ ነዋሪነቱን ያስመዝግብ። ሦስተኛ፣ በወረዳው ወይም በከተማው የዓሣን ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ፤ ስሙ በአንዱ ስፍራ ግብርና፣ በሌላው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ሊባል ይችላል፤ በግብርና ስም ካልተገኘ በእንስሳት ስም ይገኛልና ከበር መመለስ አይገባም። አራተኛ፣ ለባለሙያው ዓላማውን በግልጽ ይንገር፤ «ለመዝናናት ነው፣ አልሸጥም፣ የማጠምደውም በመንጠቆ ነው» ይበል። ከዚያም አምስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ፈቃድ ያስፈልገኛልን? በየትኛው ውኃ? በየትኛው ወራት? በምን መሣሪያ? ስንትና ምን ያህል የሚያህል ዓሣ? መልሱ በጽሑፍ ቢሰጠው ይያዘው፤ በቃል ቢሆን የባለሙያውን ስምና ቀኑን ይመዝግብ። ይህ ለማናችንም የመሥሪያ ቤት ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጨረሻም ወደ ውኃው በሚደርስበት ጊዜ የዓሣ አስጋሪዎቹን ማኅበር ይጠይቅ። ይህ በየትኛውም አዋጅ ላይ ላይጻፍ ይችላል፤ የጨዋነት ሕግ ግን ነው። የወረዳው ባለሙያ ሕጉን ያውቃል፤ ዓሣ አስጋሪው ግን ውኃውን ያውቃል። የትኛው ጥግ የመራቢያ ስፍራ እንደሆነ፣ የትኛው ዳር ጉማሬ እንደሚወጣበት የሚነግርዎ እርሱ ነው። ለእርስዎ የእሑድ መዝናኛ የሆነው ውኃ ለእርሱ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የልጆቹ እንጀራ መሆኑን አይርሱ። እርሱ ፈቃድ አውጥቶ፣ የመረቡን ዓይን አስለክቶ፣ በተከለከለው ወቅት ተጾሞ ሲቀመጥ፣ እርስዎ ከከተማ መጥተው ያለ ምንም ወረቀት በፊቱ ቢያጠምዱ በሕግ ላይ ያለው እምነት ምን ይሆናል?

ይህ ነገር እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን ከሌላው ሰው ይልቅ የሚመለከተን ስለዚህ ነው። እኛ በጠረጴዛችን ፊት የሚቆመውን ባለጉዳይ «ማመልከቻህ የት አለ? ፎቶግራፍህ? መሸኛህ?» እያልን የምንጠይቅ ነን። ከሩቅ አገር መጥቶ አንዲት ወረቀት የጎደለችበትን ገበሬ «ነገ አሟልተህ ና» ብለን የመለስንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ያ ገበሬ በማግሥቱ በወንዝ ዳር ያለ ፈቃድ ስናጠምድ ቢያገኘን የሚያስበውን ልናውቀው አያዳግተንም። ሕግ የሚከበረው ከባለጉዳዩ ይልቅ በሚያስፈጽመው ሰው እጅ ነው፤ የሚናቀውም በዚያው እጅ ነው።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «እንዳገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብለዋል። ይህን ሲሉ ያሰቡት ስለ እንግድነት ጨዋነት ነበር፤ ለዛሬው ጉዳይ ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አልተገኘም። አዲስ አገር ሲደርሱ ልብስዎን እንደ አየሩ፣ ሰላምታዎን እንደ ሕዝቡ እንደሚያስተካክሉ ሁሉ መንጠቆዎንም እንደ ውኃው ሕግ ያስተካክሉ። ዘንጉ ከአልጋውና ከምጣዱ ጋራ ተጭኖ ይሂድ፤ ከመፈታቱ በፊት ግን ባለቤቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይሂድ። ይህን ያደረገ ሰው እሑድ ጧት በወንዝ ዳር ሲቀመጥ የዓሣ ጥበቃ ባለሙያው ወደ እርሱ ሲመጣ አይቶ ክሩን የሚሰበስብበት ምክንያት አይኖረውም። «እንደምን አደሩ» ብሎ ይቀበለዋል፤ ስለ ውኃውም ሁኔታ ይጨዋወታሉ።